ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ በዓይኑ

ጋሽ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ማክሰኞ ቀጠሯቸው ነበር፤ አልመጡም። በእኛ ክፍል ቀጠሮ ማሳለፍ ብርቅ አይደለም። መሳፈሪያ ያጣ ይቀራል፣ አስታማሚ ያጣ ይቀራል፣ ተስፋ የቆረጠም ይቀራል። እሳቸው ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ማክሰኞ አልሳቱም። ረቡዕ ጠዋት ካርዳቸው ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ያነሱት ባለቤታቸው እትዬ ሀዋ ነበሩ።

"ይመር ወደ አኼራ ሄዷል፣ ሲስተር" አሉኝ። ድምፃቸው የረጋ ነበር። "እሁድ ረፋድ ላይ አረፈ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው።"

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ከመሞታቸው ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የህመም ማስታገሻቸውን ከትራማዶል ወደ ሞርፊን እንክብል ቀይረንላቸው ነበር። መድኃኒቶቹ አንድ ዘር ናቸው፤ ሰውነት አንዱን ለመደ ማለት ግን ሌላውን ለመደ ማለት አይደለም። ስለዚህ ሲቀየር ሒሳቡ ከሚያወጣው ቀንሰን እንጀምርና ቀስ እያልን እንጨምራለን። ያነሰ እንደሆነ ሰውዬው ያቃስታል። የበዛ እንደሆነ ይተኛል፤ ሳይነሳም ሊቀር ይችላል።

"እትዬ ሀዋ፣ መድኃኒቱን እንዴት ነበር የሚወስዱት? የተረፈ እንክብል አለ?" አልኩ። ሬሳ ከወጣ ሦስት ቀን ያልሞላው ሐዘንተኛ እንዲህ ተብሎ እንደማይጠየቅ አላጣሁትም።

"በስልክ የሚነገር አይደለም" አሉኝ። "ኢዳ ላይ ነኝ። ኢዳዬን ስጨርስ ራሴ እመጣለሁ። በአማና የተሰጠኝ ነገር አለ።"

ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። ወሎ ተወልጄ ያደግኩ ክርስቲያን ነኝና ይሄ አይጠፋኝም። ቢሆንም "በሰው ይላኩልኝ" ብዬ ለመንኳቸው።

"አማና በሰው አይላክም፣ ልጄ" ብለው ዘጉት።

እኔም አራት ወር ከአስር ቀን ተቀመጥኩ። ሥራ እየገባሁ፣ እየወጣሁ፣ ልቤ ግን እዚያው ስልኩ ላይ ቀርቶ። ገድያቸው ይሆን ወይ? ይህን የሚመልስልኝ ኮምቦልቻ እነ ጋሽ ይመር ቤት ያለ አንድ የእንክብል ብልቃጥ ብቻ ነበር። ስለ ጋሽ ይመር የማስታውሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ደሴ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የምሠራበት ክፍል የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ቁልፉ ከአንገቴ የማይወርድ ቁም ሳጥን። ወደ እኛ የሚላከው ህመሙ አልለቅ ያለው፣ ሌላው ክፍል ሁሉ የሰለቸው ሰው ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ እኔም እንደ ሰለቸኝ አልደብቅም። ጠዋት ስገባ ወንበሩ ላይ የማየው ፊት ሁሉ አንድ ይሆንብኛል።

ጋሽ ይመር ጎሚስታ ነበሩ። ኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ሁሉ ጎማው በእጃቸው ያልፍ ነበር። አንድ ቀን የተሳቢ ጎማ ሲነፉ የቸርኬው የብረት ቀለበት ተፈናጥሮ ወጣና ወገባቸውን አገኛቸው። አጥንቱ ተጠገነ፤ ህመሙ ቀረ። በሁለት ምርኩዝ፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተው፣ የደሴን ብርድ ፈርተው ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው ነው የመጡት። ከኋላቸው እትዬ ሀዋ መድኃኒት የሞላ ፌስታል ይዘው።

እንዴት እንደተጎዱ ስጠይቃቸው፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ጎማ ሲነፋ ፊት ለፊቱ አይቆምም። ለስንቱ አስተምሬ እኔው ቆምኩ። ቸኮልኩ። በጎማና በሚስት ኩርፊያ አይቸኮልም።" እትዬ ሀዋ አልሳቁም፤ ሺህ ጊዜ የሰሙት ነው መሰለኝ።

ቅጹ ላይ ህመም በቁጥር ይሞላል። "ከዜሮ እስከ አስር ቢሆን፣ ህመምዎ ስንት ነው?" አልኳቸው።

"ህመም በኪሎ ይመዘናል እንዴ?"

"መገመት ነው፣ ጋሽ ይመር። አስር ማለት የማይቻለው ነው።"

"የማይቻል ቢሆን እዚህ አልመጣም ነበር።" ምርኩዛቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ደገፍ አደረጉት። "እኔን መጠየቅ ከፈለግሽ፣ ሱብሒን፣ የንጋቱን ሶላት፣ በምን ሰገድክ ብለሽ ጠይቂኝ። ጤነኛ ቆሞ ይሰግዳል፤ ይጎነበሳል፣ ይወርዳል፣ ግንባሩን መሬት ያስነካል። መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል። መቀመጥ ያቃተው ተጋድሞ። እሱም ያቃተው በዓይኑ ይሰግዳል። ከዚያ በታች ከፈን ነው።"

"እና ዛሬ?"

"ዛሬ ተቀምጬ። ትናንት በዓይኔ።"

ለወጉ ቅጹ ላይ ሰባት ብዬ ሞላሁ። ዳር ላይ ግን፣ ለራሴ፣ በእርሳስ "ተቀምጦ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ዳሩ ላይ ነበር የምጽፈው። ሐኪማችን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ ካርዱን ሲያይ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ከጥቂት ወር በኋላ እሱ ራሱ "ጋሽ ይመር፣ ዛሬስ ወረዱ?" ማለት ጀመረ። ለሌሎች በሽተኞቼም ተረፈ። ክርስቲያኖቹን ቅዳሴ እስከ ስንት ሰዓት ቆማችሁ ቻላችሁ እያልኩ እጠይቅ ጀመር፤ ከቁጥሩ ይልቅ እሱ እውነት ይነግረኛል።

መጀመሪያ የሚወስዱት ትራማዶል ነበር። ትራማዶል ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። እሳቸው ጣሪያው ላይ ደርሰው እንኳ ከመቀመጥ አላለፉም። ሐኪሙ ወደ ሞርፊን ሽሮፕ እንቀይር አለ። ቀንሰን ጀመርን፣ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርን። "እንደሱ ነው" ይሉኛል፤ "ቀስ እያልሽ ንፊ፤ ጆሮሽን እያስጠጋሽ።"

በአንዱ ማክሰኞ ገና ሳይቀመጡ "ወረድኩ" አሉ።

"የት?"

"መሬት። ግንባሬ መሬት ነካ። አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ ልጄ።" የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

እኔም አለቀስኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይሰማል? ካርዱ ዳር ላይ "ወረደ" ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ለሐኪሙ ሮጬ ነገርኩት፣ ለካርድ ክፍሏ ልጅ ነገርኩ፣ ማታ ለእናቴ ነገርኩ። ደስታዬን አልደበቅኩም። ኋላ ሳስበው ትንሽ መደበቅ ነበረብኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዝም ብለው ነው የገቡት። "ወረዱ?" አልኳቸው።

"መውረዱንስ ወረድኩ።"

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

እትዬ ሀዋ ናቸው የመለሱት። "የቀትሩን፣ ዙህርን፣ ስድስት ረከዓ ሰገደ። አራት ነው እኮ የሚሰገደው። ትናንት ደግሞ በሦስት አሰላምቶ ጨረሰ።"

"የዙሩ ቁጥር ይጠፋኛል" አሉ ጋሽ ይመር። "መድኃኒትሽ ህመሙን ይዞት ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ገላዬ ይሰግዳል፤ እኔ የት እንደ ነበርኩ አላውቅም።"

ሸህ ዘንድ ሄደው ጠይቀው ነበር። ሸሁ "መድኃኒት ነው፤ ተቸግረሃል፤ አላህ ዐዋቂ ነው፤ አትጨነቅ" ብለዋቸዋል። እትዬ ሀዋ ደግሞ ዘዴ አመጡ፤ ሲሰግዱ ከኋላ ተቀምጠው ይቆጥራሉ፣ የመጨረሻው ረከዓ ላይ ሲደርሱ ይስላሉ። ጋሽ ይመር ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። "ሰው በኢማም ይመራል፤ እኔ በሚስቴ ሳል እመራለሁ።" ሳቃቸው ግን ፊታቸው ላይ ብዙም አልቆየ።

"እናንተስ በሕማማት ትሰግዱ የለ?" አሉኝ ትንሽ ቆይተው።

"እንሰግዳለን።"

"ወገብሽን ታመሽ ባትሰግጂስ?"

"እግዜር ይቅር ይለኛል።"

"እኔንም አላህ ይለኛል። ራሴን ይቅር ማለት ነው ያቃተኝ።"

ከዚያ ነው ትልቁ ጥፋት የመጣው። እንዲህ ያለ ጥፋት ደግሞ ከጋሽ ይመር በቀር ማንም አያጠፋው። የአዘቦቱን ሶላት ተቀምጠው፣ ልባቸውን ይዘው ሊሰግዱ፣ ጁምዓን ብቻ ደግሞ ከሰው ጋር ሶፍ ገብተው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ወርደው ሊሰግዱ ፈለጉ። ስለዚህ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ሽሮፑን ተዉት። እቤት በቀረች ትራማዶል ብቻ ጥርሳቸውን ነክሰው ዋሉ። የተረፈውን ሽሮፕ ለአርብ አጠራቀሙ። ሰውነታቸው በስድስት ቀን ሞርፊኑን ረስቶታል፤ እሳቸው ደግሞ አርብ ረፋድ የቀኑን ሙሉ ልክ ባንዴ ጠጡት፣ ከትራማዶሉ ጋር። ለእትዬ ሀዋም አልነገሩም።

መስጂድ ሄዱ። ሰገዱ። ወረዱ። ሳይነሱ ቀሩ።

ኢማሙ አሰላመተ፤ ሰዉ ተነሳ፤ ጋሽ ይመር ግንባራቸው መሬት እንደ ነካ ሱጁድ ላይ ናቸው። ሰዎቹ መጀመሪያ ዱዓ አስረዝመው ነው አሉ። ቆየት ሲሉ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው አዩና "አትንኩት፤ አላህ በሱጁድ ላይ ወስዶታል" አሉ። እንዲህ ያለ ሞት ማን ያገኛል? ሰዉ ከብቦ ማሻአላህ ይል ጀመር፤ ያለቀሰም ነበር። ከጎናቸው የሰገደው ጎረቤታቸው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ እሱ ብቻ አንድ ነገር ሰማ። ሩቅ ሩቅ የሚመጣ ማንኮራፋት። "ሬሳ አያንኮራፋም" ብሎ ገለበጣቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ባጃጅ ላይ ጭነው ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ እኛ። ተረፉ።

በማግስቱ ተኝተውበት የነበረው ክፍል ሄጄ ጮህኩባቸው። በሽተኛ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ለሞት ምን ቀራቸው፣ እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው፣ ይሄ መድኃኒት እንዲህ የሚጠጣ ከሆነ ማን ሁለተኛ ለሰው ያዝዛል፣ ያልኩትን ሁሉ አላስታውሰውም። 

"አፉ በይኝ" አሉ ስጨርስ። እኛ አገር ሰው ሰውን ሲበድል አፉ በለኝ ይላል፤ የተበደለው ደግሞ አፉ ብያለሁ ይላል። ለእሳቸው ነገሩ ከወግ ያለፈ ነው፤ የሰው ሐቅ ሰውዬው ይቅር ካላለ አላህም አያልፈውም።

"አልልም" አልኩ። "መጀመሪያ ቃል ይግቡልኝ። መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ በልኩ። እኔ ስጠይቅዎት ደግሞ እውነቱን። እኔ የማየው አፍዎትን ነው፤ ወገብዎ ውስጥ ገብቼ ማየት አልችልም።"

"አማና ነው" አሉ። "ወላሂ አማና ነው።"

ተስማማን። አፉ ማለቱን ግን እኔም ዘነጋሁት፣ እሳቸውም መልሰው አልጠየቁኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመሰላቸት ጊዜ ነው፤ ምን ልበለው ሌላ። ሽሮፑን ቀነስን፤ ህመሙ ተነሳ። ጨመርን፤ ቁጥሩ ጠፋ። አንዳንድ ሳምንት ይወርዳሉ፣ አንዳንዴ ተቀምጠው። እትዬ ሀዋ ከኋላ ይስላሉ። ከዚያ ሽሮፑ ራሱ ከመጋዘን ጠፋ። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ስንል ወራት ሄዱ፤ ወደ ትራማዶል መለስናቸው። በሚኒባሱ መርገጫ ላይ አንድ እግራቸውን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። "በዓይኔ" ይሉኛል ገና ሳልጠይቃቸው። ደጋግሜ "በዓይኑ" ብዬ ከመጻፌ የተነሳ በኋላ አንድ ሰረዝ ብቻ አደርግ ጀመር።

በመጨረሻ ቀስ ብሎ የሚለቀው የሞርፊን እንክብል መጣ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከሐኪሙ ጋር ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራነው። ያን አርብ አልረሳነውምና ከወትሮው የበለጠ ቀነስን። "ያንስ ይሆናል፣ ጋሽ ይመር" አልኳቸው። "ካነሰ ይንገሩኝ፤ እንጨምራለን። ሳይሰባበር፣ ሳይፈጭ፣ እንዳለ ይዋጥ።"

"አብሽሪ፣ አታስቢ" አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጡበትን ማክሰኞ ደህና አድርጌ አስታውሰዋለሁ። ጠዋት የጀመርኩት ሰው በማጣት ነው፤ ከኩታበር ትመጣ የነበረች፣ የልጅ እናት፣ ወንበሩ ላይ እንዳለች አረፈች። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ ባሰብኝ የሚል ነበር። ጋሽ ይመር ሲገቡ ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ነበር ያገኙኝ። ቀና ብዬ፣ ለእሳቸው የማይባል ነገር ተናገርኩ።

"ጋሽ ይመር፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ተሻለኝ ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንድ።"

ምርኩዛቸውን አስደግፈው፣ እንደ ልማዳቸው በዝግታ ተቀመጡ። እትዬ ሀዋ ከኋላቸው ቆመው ወለሉን ያያሉ።

"ወርጃለሁ፣ ልጄ" አሉኝ። "ግንባሬ መሬት ነክቷል።"

"በዚህ በትንሹ ዶዝ?"

"በሱው። ቁጥሩም አልጠፋኝ።"

ልቤ እንዴት እንደ ሞላ! ሁለቱንም አገኘን ማለት ነው፤ ገላውንም ልቡንም። ካርዱ ላይ እንደ ድሮው "ወረደ" ብዬ ጻፍኩ፣ አሰመርኩበት። መድኃኒቱን ሳልጨምር ሰጠኋቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላም መጡ፤ "ወረዱ?" አልኳቸው፣ "ወርጃለሁ" አሉ። ያን ቀንም አልጨመርኩም። ከዚያ በኋላ የነበረው የማክሰኞ ቀጠሮ ነው የቀሩበት።

አሁን ፍርሃቴ ይገባችኋል። ህመሙ ከተሻላቸው፣ ልኩም ትንሽ ከሆነ፣ ለምን ሞቱ? እንደገና አጠራቅመው ጁምዓን ሊሰግዱ አስበው ይሆን? ፈጭተውት ይሆን? ወይስ እኔና ሐኪሙ ነን የተሳሳትነው? ሐኪሙን ብጠይቀው "ሒሳቡ ትክክል ነው" አለ፤ ግን እሱም ካርዱን አውጥቶ ሲያይ ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ።

እትዬ ሀዋ የመጡት ሰኞ ቀን ነው። ኢዳቸው ባለቀ በሦስተኛው ቀን፤ ከቤታቸው ወጥተው ሩቅ የሄዱበት የመጀመሪያው መንገድ ይሄ ነው። ሰኞ ገበያ በሰው ተጨናንቆ መኪናው አላልፍ ስላለ፣ ከዚያ ጀምሮ በእግራቸው ነው የመጡት። ተነስቼ አቀፍኳቸው። "አላህ ይዘንላቸው፣ እትዬ ሀዋ" አልኩ። ተቀመጡና ከሻርፓቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ብልቃጡ ነው።

"ቁጠሪው" አሉኝ።

ክዳኑ ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ። ከሰጠኋቸው ቀን እስከዚያች እሁድ ጠዋት ያለውን አሰብኩ። ልክ ነው። እንደገና ቆጠርኩ። አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልበዛም፤ ሁሉም ድፍን።

"ሰዓቱን የምነግረው እኔ ነበርኩ" አሉ። "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።"

"ታዲያ ምን አገኛቸው?"

"ብርድ መታው። ሦስት ቀን ሳለ፤ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። የሰፈራችን ሐኪም ሳንባ ነው ብሎ መርፌ ጀምሮለት ነበር። ዓይኑን እስኪከድን ድረስ ያወራኝ ነበር፤ አልደነዘዘም። መድኃኒቱ አይደለም፣ ልጄ። ስልክ ላይ ስትጠይቂኝ ፈርተሽ እንደ ነበር ገብቶኛል።"

"ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"ይሄ ያለ ሌላው አይነገርም። አንድ ላይ የተሰጠኝን አንድ ላይ ነው የማደርሰው። አፉ በይኝ እኔንም።"

እንክብሎቹን ወደ ብልቃጡ መለስኩ። አራት ወር ያዘልኩት ነገር ወረደልኝ ብዬ ሳልጨርስ ቀጠሉ።

"አማናው ግን ብልቃጡ አይደለም። ይመር ዋሽቶሻል። 'ሳልጠይቃት እንዳልሞት ነበር የምፈልገው፣ አልሆነም፤ አንቺ አፉ አስብይልኝ' አለኝ።"

"ምኑን ነው የዋሹኝ?"

"አልወረደም።" እጃቸውን ጭናቸው ላይ አነባበሩ። "ይሄን እንክብል ከጀመረ አንድ ቀን አልወረደም። ተቀምጦ የሰገደው ራሱ ሁለት ቀን ቢሆን ነው። በዓይኑ ነበር።"

"ግን እኮ ነግሬያቸው ነበር! ካነሰ ንገሩኝ፣ እጨምራለሁ ብዬ..."

"ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ከዚህ ስንወጣ ተቆጣሁት። 'ጭንቅላቷን ደፍታ አላየሻትም?' አለኝ። 'አንድ ሰው ተሻለኝ አላለኝም ስትል እንዴት አስችሎኝ ባሰብኝ እላታለሁ? በሚቀጥለው እውነቱን እነግራታለሁ' አለ። በሚቀጥለው ስንመጣ ደግሞ መንገድ ላይ ሌላ ነገር አመጣ።"

"ምን አሉ?"

"'ሀዋ፣ ይሄን ያህል ዘመን ስሰግድ እንደ አሁኑ ልቤ ተሰብስቦልኝ አያውቅም' አለኝ። 'ህመሙ አለ፤ እኔም አለሁ። በዓይኔ ወርጄ በዓይኔ እነሳለሁ፤ አንዷም ረከዓ አታመልጠኝም። ብነግራት ትጨምርልኛለች። ስትጨምርልኝ እወርዳለሁ፤ ስወርድ እጠፋለሁ። እሷ ደግሞ እንድወርድላት ነው የምትፈልገው።' እንዲያ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቁጥሩ አልጠፋውም። እኔም መሳሉን ትቼው ነበር።"

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ሊቀል የሚችል ህመም ስድስት ሳምንት ተሸክመው፣ እኔ ካርዱ ላይ እያሰመርኩ ስደሰት እያዩ። ትንሽ ብንጨምር፣ ሰዓቱን ብናስተካክል፣ ምናልባት ሁለቱንም እናገኝ ነበር። ምናልባትም አናገኝም። ብቻ አላስሞከሩኝም። ንዴቱ አልፎ የመጣው ግን ይብሳል። በየማክሰኞው ገና በር ላይ ሳሉ "ወረዱ?" ስል የምጠይቀው ለማን ነበር? አንድ ቀን "ምን ይሻልዎታል?" ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ይህ ሰው ህመሙ ሳያንሰው የኔንም ድካም ደርቦ ተሸክሟል።

"ሁለት ነው ያለበት" አሉ እትዬ ሀዋ። "የዚያ የአርቡም አለ፤ እሱ አልረሳውም። አልልም ብለሽው እንደ ነበር ነግሮኛል።"

"አፉ ብያለሁ" አልኩ። "ለአርቡም፣ ለዚህም። እርስዎንም። እኔንስ አፉ ይሉኛል?"

"አንቺ ምን አጠፋሽ?"

"ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።"

"አፉ ብሎሻል" አሉ። "እኔም ብያለሁ።"

ካርዱን ከመሳቢያው አወጣሁት። ከመጡበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ ዳር ዳሩን ተጽፏል፤ ተቀምጦ፣ በዓይኑ፣ ወረደ፣ በዓይኑ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። ታች ላይ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ማክሰኞዎች፣ የተሰመረበት "ወረደ"። እስክሪብቶዬን አንስቼ ልሰርዘው ጀመርኩ። ያልሆነ ነገር በእጄ ተጽፎ እንዲቀር አልፈለግኩም።

"ምን ይላል?" አሉ እትዬ ሀዋ። ማንበብ አይችሉም።

"ወረደ ይላል። ላስተካክለው ነው። በዓይኑ ልበለው።"

እጄን ያዙኝ።

"ተይው" አሉ። "ወንድሙ ነው ሊያስተኛው ጉድጓዱ ውስጥ የገባው። ከፈኑን ከፊቱ ገለጥ አድርጎ፣ በቀኙ አስተኝቶ፣ ጉንጩን አፈሩ ላይ አሳርፎለታል። ወርዷል።"

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።